«አብላ» ማለት አጉርስ ማለት አይደለም

(ሐዋሳ ላይ ለጀማሪ አስጎብኚዎችና ለሆቴል ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ የተጻፈ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ? እሺ፣ አሁን ሐዋሳ መሆናችንን አወቅሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፤ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። አልናከስም።

ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። «ስለ ስፓኒሽ ግስ ተናገሪ» ስባል መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። አንድ ግስ፣ ያውም ሥርዓቱን የጠበቀ ግስ፣ ያውም በአሁን ጊዜ ብቻ! የአሥር ደቂቃ ሥራ አይደለም ወይ? ትናንት ማታ ማስታወሻ ልያዝ ብዬ ስቀመጥ ግን ሌሊቱ ነጎደ። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ አነሣለሁ፤ ስለ ግሱ ጅራት፣ ስለ አክብሮት፣ ከዚያ ይህ «የአሁን ጊዜ» የሚባለው የት የት እንደሚውል። ከመስመር ስወጣ እጃችሁን አንሡ። «ብወጣ» ሳይሆን «ስወጣ» ያልኩት ራሴን ስለማውቅ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ስፓኒሽ የሚባለውን ኳስ ሲተላለፍ ካልሆነ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን አራት እንግዶች መጡ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። በእንግሊዝኛ ላነጋግራቸው ስል አንደኛዋ ወደ ባሏ እያመለከተች «ኖ አብላ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት ምንድን ነው? «አብላ»! ቀጥላ ሌሎቹን ሁለቱን እያሳየች «ኖ አብላን» አለች። «አብላን»! እንዴት አማርኛ ለመዱ ብዬ ተገረምኩ፤ ምን ያህል ቢርባቸው ነው ብዬ ደግሞ አንጀቴ ተላወሰ። ለእኔ እንኳ «አብዪን» ነበር መባል ያለበት፤ ግን ለፈረንጅ ይህቺ ትታለፋለች። ወደ ማዕድ ቤት ሮጥኩ። ያልታዘዘ ዳቦና ያልታዘዘ የዓሣ ሾርባ ይዤ ከተፍ አልኩ። በሉ፣ አመሰገኑ። ሂሳቡ ከእኔ ደሞዝ ተቆረጠ።

ሳቁ፣ ሳቁ። የዚያን ቀን ማታ የሳቁት ደግሞ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የሰፈራችን ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነበሩ። የተማሩት ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ፣ የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው። እኔ ታሪኬን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ሲያበቁ «ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «አብላ ማለት አጉርስ ማለት አይደለም። ‹እንግሊዝኛ አይናገርም› ነው ያለችሽ። አብላን ደግሞ ይናገራሉ ማለት ነው። አንዲት ‹ን› ጨመረች፣ አንዱ ሰው ብዙ ሆነ። ሾርባሽን የበላችው ያቺ ‹ን› ናት።»

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ገባሁ፤ ጅራቱ።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ የምታገኙት «አብላር» የሚለውን ነው፤ መናገር። ሲጻፍ ፊቱ ላይ አንድ «ሀ» አለች፣ ግን አትነበብም። ከላቲን ሲመጣ ቃሉ በ«ፈ» ነበር የሚጀምረው፤ ተረት ማውራት፣ ወግ መጠረቅ ማለት ነበር። «ፈ»ዋ ሳስታ ሳስታ «ሀ» ሆነች፣ ኋላ ድምፅዋም ጠፋ። አሁን በጽሑፍ ላይ ብቻ ቀርታለች፣ ሰው ለቆት እንደሄደ ቤት።

ከ«አብላር» መጨረሻ ላይ «አር»ን ቁረጡ። ግንዱ ቀረ። በግንዱ ላይ ጅራት ትቀጥላላችሁ። እናገራለሁ፣ አብሎ። ትናገራለህ ወይም ትናገሪያለሽ፣ አብላስ። ይናገራል፣ ትናገራለች፣ አብላ። እንናገራለን፣ አብላሞስ። ትናገራላችሁ፣ አብላይስ። ይናገራሉ፣ አብላን።

በሉ ከእኔ ጋር። አብሎ! አብላስ! አብላ! አብላሞስ! አብላይስ! አብላን! እንደገና፣ ግን እንደ ውዳሴ አታዚሙት። እየተጣላችሁ በሉት። አብሎ! አዎ፣ እንዲህ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይህ ከባድ ነው? እናንተ እኮ አማርኛ ተናጋሪ ናችሁ! እስኪ «መናገር»ን እንቁጠር። እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ፣ ይናገራል፣ ትናገራለች፣ እንናገራለን፣ ትናገራላችሁ፣ ይናገራሉ። ስምንት! ያውም ግሱን ከፊትም ከኋላም ነው የምንይዘው፤ ከፊት «ት»፣ ከኋላ «አለህ»። አሉታ ስናደርገውም ያው ነው፤ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ። ስፓኒሽ ፊቱን አይነካም፤ ኋላውን ብቻ ነው። ለ«አልናገርም» ፊቱ ላይ አንድ «ኖ» ታስቀምጣላችሁ፣ «ኖ አብሎ»፣ በቃ። ለጥያቄ ድምፃችሁን ከፍ ታደርጋላችሁ፤ «አብላስ ኤስፓኞል?» ሌላ ነገር አይጨመርም። ሲጽፉ ብቻ የጥያቄ ምልክቱን መጀመሪያም ላይ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ደግሞስ ወንድና ሴት? ግሱ አይለይም። «አብላ» እሱም ናት፣ እሷም ናት። እንግሊዝ ያለቅስ፣ እኛ ምን አስለቀሰን?

የእኔ ክርክር ይኸው ነው፦ ስፓኒሽ የሚከብደን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ስለምንገባበት ነው። እንግሊዝኛ ያለ «እኔ» ግሱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ተማሪው «ዮ አብሎ፣ ዮ ትራባኾ፣ ዮ ቢቦ» ይላል። «ዮ» ማለት እኔ ነው። አሁን በአማርኛ አንድ ሰው መጥቶ «እኔ እናገራለሁ፣ እኔ እሠራለሁ፣ እኔ እኖራለሁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ይህ ሰው ምን ሆኗል አትሉም? ስለ ራሱ ፎከረ እኮ! «አብሎ» ሲሉ «እኔ» ውስጡ አለ። ጅራቱ ላይ ተቀምጧል። አማርኛችሁን አምጡና በዚያ ግቡ።

አሁን እጅ አየሁ። «ኩባዎች ግን ‹ቱ፣ ቱ› ያበዛሉ» ነው? ጎበዝ። «ቱ» ማለት አንተ ነው። እውነት ነው። የካሪቢያን ሰዎች በመጨረሻ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። «አብላስ» ሲሉ «አብላ» ብቻ ነው የሚሰማው። ጅራቱ ሲበላ «አንተ»ን ከ«እሱ» የሚለየው ጠፋ፤ ስለዚህ ተውላጠ ስሙን ደጋግመው ይጠሩታል። ጋሼም እንደዚያ ነው የሚናገሩት። እኔም ከእሳቸው ወርሼ፣ የስፔን እንግዶች «ስፓኒሽሽ ሀቫና ሀቫና ይሸታል» ይሉኛል።

ግሶቹ ሦስት ቤት ናቸው። በ«አር» የሚያልቁ፣ በ«ኤር» የሚያልቁ፣ በ«ኢር» የሚያልቁ። አጎቴ የቅኔ ቤት ሰው ነበር፤ ግእዝ ሲያስተምሩ ስምንት የግስ አርእስት አሉ ይላል፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ሌሎቹ ግሶች ሠራዊት ይባላሉ፤ አለቃቸው በሄደበት ይሄዳሉ። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው፣ አለቆቹ ግን ሦስት ብቻ። አብላር፤ ኮሜር፣ መብላት፤ ቢቢር፣ መኖር። ትልቁ ሠራዊት የአብላር ነው፤ ዛሬ ወደ ቋንቋው የሚገቡ አዳዲስ ግሶችም ብዙውን ጊዜ የሚሰለፉት ከእሱ ኋላ ነው።

ኮሜር፦ ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜይስ፣ ኮሜን። ቢቢር፦ ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቢስ፣ ቢቤን። ሲጻፍ «ቪ» ነው፣ ሲነገር ግን «ቢ»፤ ጥርሳችሁን ከንፈራችሁ ላይ አታስቀምጡ። ሁለቱን ቤቶች አስተያዩ። የሚለያዩት «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ብቻ ነው። «አብላይስ»፣ «ኮሜይስ»፣ «ቢቢስ» ደግሞ የስፔን ነገር ናቸው፤ በላቲን አሜሪካ ለ«እናንተ»ም የ«እነሱ»ን ግስ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ የሜክሲኮ እንግዶች ከመጡላችሁ አንዱ ጅራት ቀነሰላችሁ።

ሥርዓት ያፈረሱት ግሶች፣ እነ «መሆን»፣ እነ «መሄድ»፣ ለዛሬ ይቅሩ። እነሱን የጀመርኩ እንደሆነ እራታችን ይቀራል።

ጋሼ ሠንጠረዥ አላስጻፉኝም። እሑድ እሑድ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። የሚታየውን ሁሉ በግስ መጥራት ነበር ትምህርቱ። ዓሣ አጥማጁ ይሸጣል፣ ቤንዴ። ልጆቹ ያጥባሉ፣ ላባን። ሴትየዋ ቆሮሶውን ትቆርጣለች፣ ኮርታ። እኔና ጋሼ እንገዛለን፣ ኮምፕራሞስ። አባ ኮዳው፣ ያ ራሰ በራው ወፍ፣ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል፤ ምን ያደርጋል? «ኤስፔራ» አሉ ጋሼ። ይጠብቃል። ይኸው ቃል ተስፋ ያደርጋልም ማለት ነው። አንጀቱ እስኪጣል ተስፋ የሚያደርግ ወፍ! ከዚያ ወዲህ አባ ኮዳ ባየሁ ቁጥር ግስ ይመጣብኛል። ተሳስቼ «ላባ» ማለት ሲገባኝ «ላቦ» ስል፣ «አንቺ ነሽ የምታጥቢው? በይ እንኪ» ብለው ዓሣውን ያስይዙኝ ነበር። እጄ ሸተተ፣ ጅራቱ ግን ገባኝ።

አንድ ነገር ግን ጋሼ አላስጠነቀቁኝም፣ ወይም አስጠንቅቀውኝ አልሰማሁም። ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ። «አብሎ» ስትሉ መጀመሪያው ላይ ተጫኑ፤ «አ» ላይ። መጨረሻው «ሎ» ላይ ከተጫናችሁ ቃሉ «ተናገረ» ይሆናል፤ እሱ፣ ያኔ፣ አለፈ። በጽሑፍ አንዲት ጭረት አናቷ ላይ ናት ልዩነቱ።

አስጎብኚ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት ከስፔን የመጡ እንግዶችን ወደ አርባ ምንጭ ይዤ ልሄድ ነበር። ከመነሣታችን በፊት እዚሁ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ በላን። ተግባባን፣ ተሳሳቅን፤ እኔም እንግዳ አክባሪነቴ ተነሣብኝና ሂሳቡን ልክፈል አልኩ። መክፈል «ፓጋር» ነው። እከፍላለሁ፣ «ፓጎ»፤ ክብደቱ «ፓ» ላይ። እኔ ግን በወኔ «ጎ» ላይ ተጫንኩ። «ከፈለ» አልኩ ማለት ነው። ማን? ሁሉም ዞረው ዞረው ሾፌሩን አዩት። ሾፌሩ ጥርሱን እየፋቀ ቆሟል። ተነሥተው እጁን ጨበጡት፣ አንደኛው አቀፈው፣ አንዷ ጉንጩን ሳመችው። እሱም ምንም ሳይገባው «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ይላል። ከዚያ ሁላችንም ወደ መኪናው ሄድን። ማንም አልከፈለም! አስተናጋጁ እየሮጠ ደረሰብን።

አትፍረዱብኝ። አማርኛችን ውስጥ ይህ ሞልቷል እኮ። «ይበላል» ላልቶ ሲነገር ሰውየው ይበላል። ጠብቆ ሲነገር ምግቡ ይበላል። አንድ ዓይነት ፊደል! የውጭ አገር ሰው «አስተማሪው ይበላል» ብሎ ሲያጠብቀው ሰምታችሁ አልሳቃችሁም? እኛ ማጥበቅና ማላላት እንዳለን ሁሉ እነሱ መጫን አላቸው። በዚያ ጆሮ ስሙት። በ«እኛ» ላይ ግን ክብደቱ ራሱ ወደ ጅራቱ ይወርዳል፤ አብ-ላ-ሞስ፣ «ላ» ላይ።

ለካ ያን ቀን «ዮ» ብል ኖሮ እድን ነበር። «ፓጎ ዮ»፣ እኔ ነኝ የምከፍለው። «ዮ አትበሉ» አልኩ አይደል? ልክ ነው፤ ግን ሂሳብ ላይ ስትጣሉ፣ «በሞቴ፣ እኔ እከፍላለሁ» በምትሉበት ቦታ፣ እዚያ በሉት። አማርኛ «እኔ»ን የሚያወጣበት ቦታ ነው ስፓኒሽም የሚያወጣበት።

ሁለተኛው፣ አክብሮት።

እኛ ለታላቅ «እርስዎ ይናገራሉ» እንላለን። አስተውላችሁታል? ሰውየው ፊታችን ቁጭ ብሎ፣ አንድ ሰው ሆኖ፣ ግሱ ግን የ«እነሱ» ነው። ስፓኒሾችም ያከበሩትን ሰው ፊት ለፊት አይነኩትም፤ ወደ ሦስተኛ ሰው ይሸሻሉ። «ኡስቴድ አብላ»። የ«እሱ»ን ግስ ነው የሰጡት። «ኡስቴድ» ድሮ «ቡኤስትራ ሜርሴድ» ነበር፤ ጸጋዎ፣ ቸርነትዎ እንደማለት። «ጸጋዎ ይናገራል» እያሉ ኖረው ኖረው አፍ ላይ አለቀና ኡስቴድ ሆነ። የእኛው «እርስዎ»ስ? ከ«ርእስ» ነው የመጣው፣ ከራስ። እነሱ ጸጋውን ያናግራሉ፣ እኛ ራሱን። ሰውየውን በቀጥታ የሚያናግር ጠፋ!

ችግሩ መቼ እንደሚባል ነው። ስፔን ውስጥ «ቱ»፣ አንተ ማለት፣ በጣም ሰፍቷል፤ በዕድሜ ለሚበልጥ እንግዳም ይባላል። ቦጎታ ደግሞ ብትሄዱ ጓደኛም ለጓደኛ «ኡስቴድ» ይላል። ቦነስ አይረስ ላይ በ«ቱ» ፋንታ «ቦስ» ነው፤ ግሱም «አብላስ» ሆኖ ክብደቱ መጨረሻው ላይ ይወድቃል። እኔ አንዲት የእናቴ እኩያ የሆኑ የማድሪድ ሴት መርቼ ነበር። «አንቺ በዪኝ እንጂ፣ አሮጊት አታድርጊኝ» አሉኝ። ሞከርኩ። «ኮሜስ?» ልላቸው ስል አፌ እምቢ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «ኮሜ? ኮሜ?» እያልኩ አከበርኳቸው። እናንተም ሆቴል ውስጥ ስትሠሩ በ«ኡስቴድ» ጀምሩ፤ «ተይው» ሲሏችሁ ተዉት። ከቻላችሁ።

ሦስተኛውን ቶሎ ልበል፣ ሻይ እየመጣ ነው መሰለኝ።

«አብሎ» ማለት ሁልጊዜ እናገራለሁ ነው፤ አሁንም እየተናገርኩ ነው ሊሆን ይችላል። «ኬ ኮሜስ?» ሲባል «ምን እየበላህ ነው?» ማለት ነው። ለነገም ይሆናል፤ «ማኛና አብሎ ኮን ኤል ቾፌር»፣ ነገ ከሾፌሩ ጋር እነጋገራለሁ። ይህ ለእኛ ምኑ ይገርማል? የእኛም «እሄዳለሁ» ዛሬም ነው ነገም ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ የእኛ እስከ ፈለገው ዓመት ይሄዳል፣ የእነሱ ይበልጥ ቁርጥ ላለ ቀጠሮ ነው፤ ለሩቁ ሌላ ጅራት አላቸው። ደግሞ ገና ያላለቀ ነገር፤ «አሴ ዲየስ አኞስ ኬ ትራባኾ አኪ»፣ እዚህ ስሠራ አሥር ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ይጠማዘዛል። ስፓኒሽና አማርኛ ቀጥ ብለው በአሁኑ ይናገሩታል። «ትራባኾ» ላይ ያለችው «ኾ» በስፔን ሰው አፍ ጉሮሮን ትፍቃለች፤ በኩባ ሰው አፍ እንደ እኛ «ሆ» ለስላሳ ናት።

«ማኛና» ያልኩት ነገ ነው፣ ጠዋትም ነው፤ አንድ ቃል። ይህም ቢሆን የእኛ ዘመድ ነው፤ «ነገ» እና «ነጋ»ን አስቡ።

ስለ ማኛና ሳነሣ ጋሼ ትዝ አሉኝ። እዚያ ደሴት ላይ ትምህርት ቤቶቹ የተተከሉት በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ መካከል ነበር፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ፍሬ ለቀማ። ጋሼ ሁልጊዜ የሚሏት ዓረፍተ ነገር አለች። «ፖር ላ ማኛና ኤስቱዲያሞስ፣ ፖር ላ ታርዴ ትራባኻሞስ።» ጠዋት እንማራለን፣ ከሰዓት እንሠራለን። ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ኋላ ላይ ነው ያወቅሁት፤ በ«አር» ቤት ውስጥ የ«እኛ» ጅራት በአሁንም በኃላፊም አንድ ነው። ተማርን፣ እንማራለን፤ ሠራን፣ እንሠራለን። በ«ኤር» ቤት ይለያል፣ ኮሜሞስ እንበላለን ነው፣ ኮሚሞስ በላን። በ«አር» ግን አይለይም። ከዓረፍተ ነገሩ ዙሪያ ነው የምታውቁት።

አንድ እሑድ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ኤስቱዲያሞስ፣ ትራባኻሞስ ሲሉ፣ እንማራለን ነው ወይስ ተማርን?»

ብርቱካን እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አቆሙ።

«ግሱ አልነገረሽም?» አሉኝ።

«አልነገረኝም።»

«ለእኔም አልነገረኝም» አሉና ግማሹን ሰጡኝ።

ሻዩ መጥቷል። ጥያቄ ያላችሁ አንሡ። አንቺ፣ ቢጫ ሻርፕ ያደረግሽው፣ ጀምሪ።